ስም ያልተጻፈበት ፀጉር

ሃይደራባድ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2019

ለተከበሩ አጎቴ ለባህ ሻንቦር፣

እንደምን ሰንብተዋል? ያ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያኮርፈው ወገብዎስ? እኔ እዚህ ሙቀቱ እንደ ድንች ቢቀቅለኝም ደህና ነኝ። እህቴ ኢዳሊንስ? መብላት ጀመረች ወይስ አሁንም ሳህኗን ለድመቷ ነው የምታሳልፈው? ስልክ ብደውል ጆሮዎ ስለማይሰማ እሷ ናት የምታነሳው። እሷ ደግሞ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። ስለዚህ እውነቱን ከእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው የምጠብቀው።

«ወረቀቱ በሽታው የለም ይላል፣ አንቺ አለ ትያለሽ፤ ማን ዋሸ?» ብለው የጠየቁኝ ነገር ሦስት ቀን ሥራ አስፈትቶኛል። አይ፣ ያ ወረቀት አልዋሸም። እኔም አልዋሸሁም። አምና የሕክምና ቡድን መጥቶ ከሰባቱ የቤታችን ሴቶች ደም ሲቀዳ፣ ደሙ የመጣው አሁን እኔ ወደምሠራበት ቤተ ሙከራ ነበር። የድሮው አሠራር የዘር ጉድለቱን የሚያየው ከመቶ ሃያ እጅ ሲደርስ ነው። ከዚያ ካነሰ «አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል። የኢዳሊንን ደም ከማቀዝቀዣ አውጥቼ በአዲሱ መንገድ ሳነበው አሥራ አራት እጅ አገኘሁ። አሥራ አራት፣ አጎቴ! «የለም» ተብላ የተሸኘች ልጅ።

በሰውነታችን ውስጥ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡ ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ። ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። የራሳቸው የዘር ጽሑፍ አላቸው፤ ጽሑፉም ልክ እንደ ጎሳችን ስም ከእናት ብቻ ነው የሚወርደው፣ አባት እጁን አያስገባበትም። ከአሥራ ስድስት ሺህ ከሚበልጡት ፊደሎች አንዷ ስትሳሳት ጆሮ ይደነቁራል፣ ስኳር ይመጣል፣ ሰው ይከሳል፣ እየጣለ ያንዘፈዝፋል። እናቴ እንዴት እንደሄደች እኔ ለእርስዎ አልነግርም።

ደም ይህን ጉድለት ከዓመት ዓመት እያራገፈው ስለሚሄድ ትልልቅ ሴቶች ላይ ፈጽሞ ላይታይ ይችላል። የፀጉር ሥር ግን አይደብቅም። ይህን ለአለቃዬ ለዶክተር ሱሪያናራያና ብነግራቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ከመጣሽ አራት ወርሽ ነው። የሃያ ዓመት አሠራር ልትገለብጪ ነው?» አሉኝ።

«ከሥሩ ምን እንዳለ ለማየት ያህል ነው፣ ጌታዬ» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ቀጥ አደረጉት። «የአንዲት ልጅ ፀጉር ማስረጃ አይሆነኝም። የእናቲቱን ዘር ሙሉውን አምጪ። ደሙና ፀጉሩ ጎን ለጎን ይታይ። ያኔ እፈርማለሁ።»

ስለዚህ እባክዎ ከሰባቱም ሴቶች ሃያ ሃያ ፀጉር ከነሥሩ ተነቅሎ (መቁረጥ አይጠቅምም)፣ በንጹሕ ወረቀት ታጥፎ፣ ስምና ዕድሜ ተጽፎበት በፖስታ ይላክልኝ። የሺሎንግ ከተማው ሐኪም ለሚጥለው በሽታ ለኢዳሊን ያዘዘላት ሽሮፕ ለሌላው ደግ ነው፤ እንዲህ ያለ ጉድለት ላለበት ሰው ግን ጉበት ሊጎዳና ሕመሙን ሊያብስ ይችላል። ሐኪሙ ያለ ወረቀት አይቀይርም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልቀይርም። በራሳችሁ እንዳታቋርጡት ብቻ፤ በድንገት ማቆም የባሰ ነው። የሚያስፈልገን ወረቀቱ ነው፤ እሱም የሚጻፈው ፀጉሩ ሲደርስ ነው።

ታዛዥዎ፣ የእህትዎ ልጅ ዳፊሻ


ማውስንየር፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2019

ለዳፊሻ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤም እንዳኮረፈ አለ። ኢዳሊን አለች።

ደብዳቤሽን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አትቀየሚኝ።

ልጄ፣ ትምህርት ይህን ያህል ያስረሳል? በዚህ ተራራ ላይ ከቤት ቤት እየዞረ የሴት ፀጉር የሚለቅም ሰው ምን እንደሚባል ጠፋብሽ? ልጅ ሳለሽ ቀሚስሽን ውጭ ረስተሽ ስትገቢ የገረፍኩሽ ለጨርቁ ሳስቼ መሰለሽ? ትሌን የሚባለው እባብ ሰው አይነክስም። ቤቱ ያሳደገው ሰው የሌላውን ፀጉር፣ ጥፍር ወይም የልብስ ጫፍ ያቀርብለታል፤ ከዚያ የፀጉሩ ባለቤት እየከሳ፣ እየደነቆረ፣ እየተንቀጠቀጠ ያልቃል ይላሉ። ለእባቡ የሚያድኑለት ሰዎች የሚያደርጉት ልክ አንቺ የጻፍሽውን ነው። እነሱ እንኳ ዕድሜ አይጠይቁም።

እኔ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አላምንበትም። ግን አለማመኔን ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

ኢዳሊን በከሳች ቁጥር ሰው ሁሉ የሚያየው ወደ ወንዙ ማዶ ነው፣ ብቻዋን ወደምትኖረው አሮጊት፣ ወደ ኮንግ ትሪማይ። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጎረቤታችን ባህ ክሌመንት፣ «ጉም ሲወርድ መንደሩን ሁሉ ይሸፍናል፤ እሷ ጣሪያ ላይ ግን አይቀመጥም። አይታችኋል?» አለ። ጆሮዬ ባይሰማም ከንፈር ማንበብ አይሳነኝም። ሁሉም ዞሮ አየ። እኔም አየሁ። እውነቱን ነው፣ አልተቀመጠም። ምድጃዋ ስለሚነድ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የእኛም ምድጃ ግን ይነድ ነበር።

የጠየቅሽኝን አላደርግም። ሌላ መንገድ ፈልጊ።

ኩብሌይ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ።
አጎትሽ ሻንቦር


ሃይደራባድ፣ ጁን 11 ቀን 2019

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይቅርታ የሚለምን ረጅም ደብዳቤ ጀምሬ ነበር። እንዴት እንዳፈርኩ! ከሁሉ የከበደኝ መርሳቴ ነው። ፀጉር እዚህ ናሙና ብቻ ሆኖብኝ፣ እዚያ ምን እንደሆነ እጄ እስኪጽፈው ድረስ አንዴም አልታወሰኝም።

ደብዳቤውን ሳልጨርሰው ግን ፖስታዎ ደረሰኝ። ውስጡ አንድ መስመር ደብዳቤ እንኳ ለምን እንዳልነበረ ገባኝ። ሳይናገሩ ማድረግዎን እንደ ምርቃት ቆጠርኩት። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩዎት ውጤቱን ይዤ ልምጣ ብዬ ነው።

አሁን ይዣለሁ። በደማቸው «አልተገኘም» ከተባሉት ሰባት ሴቶች የስድስቱ ፀጉር ጉድለቱን ያሳያል። የኢዳሊን ስልሳ ሁለት እጅ ነው። ዶክተር ሱሪያናራያና ሉሁን ሁለት ጊዜ አዩትና መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንቱን ሰው ደህና ነህ ብለን ሸኘነው?» አሉ። የተናገሩት ለእኔ አልነበረም። መስኮቱን ነበር የሚያዩት። ወዲያው ያለፉትን አምስት ዓመታት ወረቀቶች በሙሉ እንዳወጣ አዘዙኝ። ከነገ ጀምሮ የማንም ጎልማሳ ደም ብቻውን አይነበብም፤ ፀጉር ወይም ሽንት ይጨመርበታል። አጎቴ፣ ይህን ያደረገው የቤታችን ፀጉር ነው!

ደስታዬን እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ጥቅሎቹ ግን ስምንት ናቸው።

ሰባቱ ላይ የማን እጅ እንደሆነ በማይለይ ትልልቅ ፊደል ስምና ዕድሜ አለ። ስምንተኛው ላይ ምንም የለም። ረጅም ነው፣ ሥሩ የነጣ፣ በቀይ ክር የታሰረ። እናቴ እንደዚያ ባለ ክር ታስር ነበር። ስም የሌለው ናሙና ይጣላል፤ ደንባችን ነው። እኔ ግን ሁለት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አቆየሁት። ጀርባዬን ሰጥቼው ስቀመጥ አንገቴ ላይ የሆነ ነገር እየዳሰሰኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት ክፍል፣ እየዞርኩ ሳየው ዋልኩ። በመጨረሻ ሙሉ ጽሑፉን አነበብኩት።

ጉድለቱ አለበት፣ ከሁሉም የበዛ። የቀረው ጽሑፍ ለማነጻጸሪያ ካስገባሁት ከራሴ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። ከአሥራ ስድስት ሺህ ፊደል አንዲት ልዩነት የለም። ይህ የእኛ እናት ዘር ነው። በሕይወት ያሉት የቤታችን ሴቶች ሰባት ናቸው፤ ስምንተኛዋ እኔ ነኝ፤ የእኔ ፀጉር ራሴ ላይ ነው። የቀረችው እናቴ ናት። እናቴን ደግሞ ከቀበርናት አምስት ዓመት ሆነ።

አጎቴ፣ የላኩልኝ የማንን ነው?

ዳፊሻ


ማውስንየር፣ ጁን 22 ቀን 2019

ለዳፊሻ፣

እኔ ምንም አልላክሁም።

ደብዳቤሽን ቆሜ ነበር የጀመርኩት፤ ተቀምጬ ጨረስኩት። በመንደሬ የሰባት ሴቶች ፀጉር ተነቅሎ እኔ አላወቅሁም። ኢዳሊንን ጠርቼ ወረቀቱን አሳየኋት። አገጯን እንደ እናታችሁ አነሳች። ከዚያ ከከንፈሯ እንዳነበው ብላ ቃሉን እያዘገመች፣ «ደብዳቤውን ሲያቃጥሉት አየሁዎት፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት አንብቤው ነበር» አለችኝ።

ሌሎቹን ስድስት ሴቶች ፀሐይ ላይ እያስቀመጠች፣ ቅማል ልይላችሁ ብላ አበጠረቻቸው። አክስትሽ «እኔን? ቅማል? ዓይንሽ ይጥፋ!» ብላ ስትጮህ እኔም በረንዳው ላይ ነበርኩ፤ አፏን አይቼ ስቄ ነበር። አሁን አያስቅም። ከሴቶቹ ሁለቱ፣ «ማዶ የቆመ ሰው ፀጉሬን ይጎትተኛል፤ እያየሁት እጁ ይረዝማል» የሚል ሕልም ያወራሉ። የተጎተተው ፀጉር በሕልም አለመሆኑን አውቃለሁ። ልነግራቸው ግን አልችልም።

ስምንተኛውን ፀጉር ኢዳሊን «በዚያ ቤትም ሰው እየከሳ ሞቷል» ሲባል ሰምታ፣ ወንዙን ተሻግራ ነው ያመጣችው። ኮንግ ትሪማይ በራሷ እጅ ነቅላ፣ አያትሽም በምታስርበት ዓይነት ቀይ ክር አስራ ሰጠቻት።

እናትሽ አይደለችም፤ አትፍሪ። ልትፈሪ የሚገባሽ እኔ የደበቅኩትን ነው። ትሪማይ የእናቴ የታላቅ እህት ልጅ ናት። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቷ ከስታ ሞተች፣ ወንድሞቿ ደነቆሩ። መንደሩ «ያሳደጉት እባብ ራሳቸውን በላ» ብሎ ቤታቸውን አቃጠለ። አያትሽ በዚያ ቀን በር ላይ ቆማ፣ «እኔ እህት ኖሮኝ አያውቅም» አለች። እኛንም እንዲሁ አስተማረችን። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ወንዙ ዳር ሳገኛት ሰላም አላልኳትም። ጆሮዬ መድከም ሲጀምር «የድንጋይ ካባው ፍንዳታ ነው» ያልኩትም መካድን ከዚያው ተምሬ ነው።

የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ የፀጉር ፖስታ ማለፉን አውርቷል። ጁላይ አሥራ አንድ፣ ሐሙስ፣ የመንደሩ ሸንጎ፣ ዶርባሩ፣ ይቀመጣል። ማን እንደሰበሰበ ወንዶቹ ከወዲሁ ወስነዋል፤ ጣታቸው ማዶ ነው። እኔም ሰው ቤት ገብቼ ለእንግዳ የሚታኘከው ኳይ ሳይቀርብልኝ መውጣት ጀምሬያለሁ። ለጠላት እንኳ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል፤ ታውቂያለሽ።

ኢዳሊን ትናንት ሁለት ጊዜ ወደቀች። ይህን ልጽፍልሽ አልፈለግሁም ነበር። ወረቀቱን ላኪ።

እና ደግሞ «ከራሴ ጋር አንድ ነው» ብለሽ አልፈሽዋል። ስለ ራስሽ የቀረውን አልጻፍሽም።

ሻንቦር


ሃይደራባድ፣ ጁላይ 2 ቀን 2019

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታ ሳላበዛ ልሂድበት፤ ፖስታው ከቀትር በፊት መውጣት አለበት።

ሁለት ወረቀት አለ። ማኅተም ያለበት ለሺሎንጉ ሐኪም ነው፤ ዶክተር ሱሪያናራያና ፈርመውበታል፣ ከሥሩም የትኞቹ መድኃኒቶች ኢዳሊንን እንደማይስማሟት ጽፈዋል። እንደደረሰዎት ይውሰዱላት። ዶርባሩን እንዳይጠብቁ።

ሁለተኛው የእናት ዘራችን ሐረግ ነው። ኮንግ ትሪማይን ቦታዋ ላይ አስገብቻታለሁ። የሌሎቹን ስድስት ሴቶች ውጤት ግን አልጻፍኩም፤ የሰው ውጤት በአደባባይ አይነበብም። ፀጉራቸውም ሳይጠየቁ መወሰዱ እንቅልፍ እየነሳኝ ነው። ለኢዳሊን ብዬ ተጠቀምኩበት፤ ትክክል ነበር አልልም። ስመጣ አንድ በአንድ በራቸው ላይ ቆሜ እነግራቸዋለሁ፤ ቢደበድቡኝም።

ይህን ሐረግ ቢያነቡላቸው ምን እንደሚሆን ባውቅ ኖሮ እመክርዎት ነበር። «በሽታ እንጂ እባብ አይደለም» ብለው ትሪማይን ይተዋሉ ይሆናል። ወይም «ታዲያ እባቡ እናንተም ቤት ነው» ብለው እኛንም ይጨምሩናል። እዚህ ያሉት መሣሪያዎች ይህን አያነቡም። እርስዎ ይወስኑ። የእርስዎን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።

ስለ እኔ የጠየቁኝን፦ አዎ። በደሜ ዘጠኝ እጅ ነው። ፀጉሬን ገና አላየሁትም። ሁለት ጊዜ ነቅዬ ሁለት ጊዜ ጣልኩት። ሰው ላይ ስሠራ ፈጣን ነኝ ይሉኛል።

ዳፊሻ


ማውስንየር፣ ኦገስት 18 ቀን 2019

ኮንግ፣ ታላቄ ዳፊሻ፣

አጎታችን አይደለም የሚጽፍልሽ፤ እኔ ኢዳሊን ነኝ። አዎ፣ መጻፍ እችላለሁ፤ በስልክ ብቻ ነው ዲዳ የምሆነው። በስልክ «ደህና ነኝ» የምልሽ የምትዪኝ ግማሹ ስለማይሰማኝ ነበር። ይኸው ነገርኩሽ።

መጀመሪያ የምትፈልጊውን። ሐኪሙ ወረቀትሽን ሦስት ጊዜ አነበበው። «ይህን ማን ላከው?» ሲለኝ «እህቴ» አልኩት። «ታላቅሽ ናት?» አለ። «በዕድሜ ብቻ» አልኩት። ሽሮፑን ቀስ በቀስ አስወጥቶ በሌላ ተካልኝ። ከወደቅሁ ሃያ ሦስት ቀኔ ነው። እበላለሁ፤ ድመቷ ከስታለች። የግራ ጆሮዬ ግን አልተመለሰም፤ አይመለስም ብሎኛል። ቀኙን እንጠብቃለን።

አሁን አጎታችን ያልጻፈልሽን። ዶርባር ውስጥ ሴት አትናገርም፤ ቤቱም ስሙም የእኛ ሆኖ ሸንጎው የእነሱ ነው። ስለዚህ «እኔ ነኝ የነቀልኩት» ልል በሩ ድረስ ሄጄ ከዝናቡ ሥር ቆምኩ። አጎታችን አየኝ። ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ ተነሥቶ፣ «ፀጉሩን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ» አለ። ጮኹበት። አልሰማቸውም፣ ወደ አፋቸውም አላየም። ሐረግሽን ዘርግቶ እንደ ክፍል ትምህርት ማንበብ ጀመረ። «ትሪማይ የእናቴ የእህት ልጅ ናት። እባብ ካለ በእኔም ውስጥ አለ። በሽታ ከሆነ ደግሞ ሐኪም አለው» አለ። ከዚያ ከራሱ ላይ ፀጉር ነቅሎ የመንደሩ አለቃ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

ማንም አልነካውም። ንፋስ ገብቶ ፀጉሩን ከጠረጴዛው ሲያነሳው፣ ኮንግ፣ እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ወንበራቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ተለጠፉ። እንዲያውም ባህ ክሌመንት አፉን በሻርፑ ሸፈነ።

ፈረዱበት። እስከ መጪው ዓመት መንደሩ ውስጥ አይገባም። ሐረጉን አጣጥፎ፣ ጃንጥላውን ይዞ፣ እያየነው ወንዙን ተሻገረ። ትሪማይ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር። ኳይ ይዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንዙን ሊሻገር የሞከረ ወንድ የለም። ተዉአቸው ማለት ይሁን ፈሯቸው ማለት ይሁን እኔ አላውቅም።

በየገበያው ቀን ሩዝ እወስድላቸዋለሁ፣ በጠራራው፣ ሰው እያየ። ሴቶቹ በራፋቸው ላይ ይቆሙና ሳልፍ ፀጉራቸውን በሻሽ ይሸፍናሉ። አክስታችን ግን አትሸፍንም፤ «ሌባ!» ብላ ትሰድበኛለች። ነግሬያታለሁ፤ ለሁሉም ነግሬያለሁ፣ አንቺን አልጠበቅሁም። በስድቧ መሐል «ውጤቴን ንገሪኝ በያት» ብላለች።

በዚህ ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ ጉሙ እስከ ጉልበቴ ወርዶ ነበር። ድንጋዩ ድልድይ ጋ ስደርስ ከኋላዬ የሚረግጥ ነገር በቀኝ ጆሮዬ ሰማሁ። ስቆም ይቆማል። ስሄድ ይሄዳል። ስም ጠርቼ ብጮህ መልስ የለም። ሩዙን ደረቴ ላይ አቅፌ ዞርኩ። ከጉሙ የወጣችው የባህ ክሌመንት ሚስት፣ ኮንግ ኤስቲላ ነበረች። ሻሿን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» አለችኝ።

«ዝቅ ካደረግሽው እኔ አልሰማሽም» አልኳት።

ቀረብ አለች። ትንፋሿ ፊቴ ላይ። «እናቴም ከዚያ ቤት ናት» አለች። «ከቃጠሎው በፊት በነበረው ሌሊት፣ ሕፃን ሳለች፣ በጓሮ በር አወጧት። በሌላ ጎሳ ስም አሳደጓት። ባሌ አያውቅም። ልጆቹ የእኔ ናቸው፣ ኢዳሊን። ትልቋ ከጁን ጀምሮ ስጠራት አትዞርም።»

ሩዙን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩ። እሷ ደግሞ፣ «ያማል?» አለች።

«ከማበጠሪያ አይብስም» አልኳት።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ኮንግ፣ ከስድስቱ ስሰርቅ ቆጠራ አልተሳሳትኩም ነበር። ያን ቀን አሥራ አንዱን ከነቀልኩ በኋላ ቆጠራው ጠፍቶብኝ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። እሷም አልተቆጣችም።

የእሷና የትልቋ ልጇ ፀጉር ከዚህ ጋር አለ። የአጎታችንም። አንቺም የራስሽን ነቅለሽ አብረሽ አስገቢው እንጂ እንደገና እንዳትጥዪው፤ የኤስቲላ ልጅ ማክሰኞና ሐሙስ እየመጣች ማዶ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ የምነግራት ነገር እፈልጋለሁ።

እህትሽ ኢዳሊን